የደከመው ዘንግ

አያ እንድሪስ መሞታቸውን የነገረኝ ባለባጃጅ ነው። ወልድያ ለጉዳይ ሄጄ ወደ መናኸሪያው ስመለስ፣ ሹፌሩ የመርሳ ሰው መሆኑን ሰማሁና «እንድሪስ መካኒኩ ደህና ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አልሰሙም እንዴ አባባ? አረፉ እኮ። ሳምንታቸው።»

«በምን?»

«በምን ይሆናል፣ በድካም ነዋ። ዘጠና አልፏቸው የለ።»

ሳቅ አመለጠኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ፤ ያበድሁ ሳይመስለው አልቀረም። ሰው ሞተ ሲባል መሳቅ ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ግን አያ እንድሪስ በድካም ሞቱ ቢባል ራሳቸውም ይስቁ ነበር። ያችኑ ቃል በሕዝብ ፊት ተናግረው ካድሬ አስቆጥተዋል፤ እኔንም ከወህኒ አስቀርተዋል። ከባጃጁ እንደወረድሁ የመርሳ መኪና ያዝሁ።

ቤታቸው ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ፊት ለፊቱ የቆርቆሮ ጋራዥ አለ። አጭር፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን በሲባጎ አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ብረት ሲመለከቱ አፋቸው ይከፈታል፤ የገባቸው ጊዜ ይዘጋል። ሥራውን የተማሩት በልጅነታቸው ደሴ፣ ከአንድ ጣሊያን ሥር ነው። የብረቱን ስም ሁሉ በጣሊያንኛ ይጠሩታል። በሽታውን ግን በአማርኛ ነበር የሚናገሩት።

የጋራዡ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በተሰበረ ብረት የተሞላ ነበር። የመኪና አክስል፣ ባሌስትራ፣ ቡሎን፣ የተቆረጠ ማርሽ፣ ሁሉም በሽቦ ተሰቅሏል። «ሙታኖቼ» ይሏቸዋል። ሰው ይስቅባቸው ነበር፤ የተሰበረ ይጣላል እንጂ ይሰቀላል ወይ? እሳቸው ግን «ሰው ነው ድንገት የሚያየው እንጂ ብረት ድንገት አይሰበርም» ይላሉ።

እኔ ያን ጊዜ ግራና የወፍጮ ሞተረኛ ነበርሁ። ወፍጮው ድሮ የአንድ ነጋዴ ነበር። ደርግ መጥቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ ለገበሬ ማኅበሩ ተሰጠ፤ ነጋዴው ወደ ደሴ ሄደ፣ እኔ ከወፍጮው ጋር ቀረሁ። እንደ ድንጋዩ ማለት ነው። የሞተሩን ጠባይ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረማ። ኋላ ያስጠረጠረኝም ይኸው ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ አዲስ እህል በገባበት ሰሞን፣ ቤቱ በአስፈጪ ጢም ብሎ ሳለ ዘንጉ ተሰበረ። ሞተሩ በቺንጋ የሚያዞረው፣ ድንጋዩንም የሚያሽከረክረው ወፍራም ብረት ነው ዘንግ የምለው። ጧ! አለ። ቺንጋው የሚጠመጠምበት ፑሌጃ ከነቁራጩ ተፈንግሎ ግድግዳውን መታ። ተመስገን፣ ሰው አልነካም። ዱቄቱ ቦነነና ሁላችንም ነጭ ሆነን ተያየን።

ሊቀመንበሩ ጠመንጃ ያዥ አስከትሎ መጣ። «ማን ሰበረው?»

«እኔ ሰበርሁት» አልሁ።

እናቴ ያሳደገችኝ እንዲያ ነው። እንስራ ሰብሬ «ተሰበረ» ያልሁ እንደሆነ ሁለት ጊዜ እገረፋለሁ፤ አንዱ ለእንስራው፣ አንዱ ለ«ተ»ዋ። ስለዚህ እጄ ላይ የተበላሸን ነገር በሌላ አላሳብብም። ጸሐፊው «ሰበርሁት» ብሎ ጻፈ፤ ማንበብ ስለማልችል ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምሁ። ወረቀቱ ከላይ «አሻጥር» ይል እንደነበር ኋላ ነው የነገሩኝ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ቀላል አልነበረችም። የሰፊውን ሕዝብ ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸት ማለት ናት። በዚያች ቃል ተይዘው ወልድያ ሄደው የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

«ነጋዴው ነው የላከህ» አለኝ ሊቀመንበሩ። ከድንጋዩ በኩል የቀረውን የዘንጉን ግማሽ ለማስረጃ ብለው በጆንያ ቋጥረው ማኅበሩ ቢሮ አስቀመጡት። ሐሙስ ካድሬው ከወልድያ መጥቶ ነገሩ በሕዝብ ፊት ይታያል ተባለ። እኔ ዋስ ጠርቼ ቤቴ ገባሁ።

ሚስቴ ደብሪቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ከፑሌጃው ጋር የተፈነገለውን ግማሽ መርሳ እንድሪስ ዘንድ ውሰደው» አለችኝ።

«ምን ሊያደርጉልኝ? ቢጠግኑትስ ሰብሮት ነበር መባሌ ይቀራል?»

«ብትሰብረውም ይነግሩሃል፣ ባትሰብረውም ይነግሩሃል። አንተ እንደሆንህ ከአፍህ በቀር የምታውቀው የለህም።»

ማክሰኞ ጧት ቁራጩን ይዤ ወንዝ ወረድሁ። በዘይትና በጥቀርሻ ጠቁሯል፤ የተሰበረው ፊቱም ቡናማ እድፍ ይዟል። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ሽማግሌ ፊት መቅረብ ነውር ነው ብዬ፣ በአመድና በአሸዋ እፈገፍገው ገባሁ። እንደ ብርሌ እስኪያበራ አጠብሁት። በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ በትከሻዬ አድርጌ መርሳ ደረስሁ።

አያ እንድሪስ ጋቢውን ገለጡ። አፋቸው ተከፈተ። አልተዘጋም።

«ማነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ፣ አያ» አልሁ፣ ምስጋና እየጠበቅሁ።

«አንተ፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት ስትወስድ ምላሱን ቆርጠህ ነው የምትወስደው?»

ከግድግዳው አንድ የመኪና አክስል አወረዱና የተሰበረውን ፊቱን ወደ ብርሃን አዘነበሉት። «እይ። ይህ ጥቁሩ፣ ልስልሱ አሮጌ ነው። ስንጥቁ ገብቶበት ከርሟል፣ ዘይትና አየር አጥቁሮታል። ይህ ሻካራው፣ እንደ ስኳር የሚያበራው ደግሞ በመጨረሻዋ ሰዓት የሄደው ነው። አብዛኛው አሮጌ ከሆነ ብረቱ ሲሞት የኖረ ነው፤ የመጨረሻው ሰው የያዘው ሬሳ ነው። ሁሉም የሚያበራ ከሆነ ግን ያን ቀን አንዱ በጉልበት ሰብሮታል።»

ከዚያ የእኔን ቁራጭ አዩ። እኔም አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ያበራል። ጎማ ላይ ተቀመጥሁ። የገዛ ምስክሬን አፍ በገዛ እጄ በአመድ ዘግቼ፣ ግማሽ ቀን ተሸክሜው መጥቻለሁ።

«ሌላው ግማሽስ?» አሉኝ።

«ቢሮ ነው፣ በጆንያ።»

«አጥበውታል?»

«እነሱ? ቢሯቸውን እንኳ ጠርገውት አያውቁ።»

ያን ጊዜ ሳቁ። ምሳ አቀረቡልኝ። «ብረት እንዴት ይሞታል፣ አያ?» አልኋቸው፣ ዝም ከማለት ብዬ።

«ደክሞ። ሰው እንዴት ይደክማል? አንዱ በምልልስ ነው። ያንተ ዘንግ ቺንጋው በአንድ ወገን ይጎትተዋል፤ እሱ ይዞራል። በዞረ ቁጥር ትንሽ ይጎብጣል፣ ይቃናል፣ ይጎብጣል፣ ይቃናል። አንድ ቀን ጭረት ያለባት ቦታ ትከፈታለች። ሁለተኛው ድካም የእሳት ነው።» ከግድግዳው መሃሉ የቀጠነ ቡሎን አሳዩኝ። «ይህ የጭስ ማውጫ አጠገብ ነበር። ማንም አልመታው፣ ማንም አላጎበጠው። እንደጋለ ሸክሙን ይዞ ቆመ፤ በየቀኑ የፀጉር ያህል ረዘመ፣ ወገቡ ቀጠነ፣ አንድ ቀን ለቀቀ። እንዲህ ያለው አይጮህም።» መልሰው ሰቀሉት። «ሐሙስ እመጣለሁ። ያ ጆንያ እንዳይነካ እኔ ዱዓ አደርጋለሁ፤ አንተ ደግሞ በምታውቀው ጸልይ።»

ሐሙስ በበቅሎ መጡ። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ሕዝቡ ተሰብስቧል። ካድሬው ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወረቀቴን አነበበ፤ «ሰበርሁት» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበባት።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

«እንግዲህ ምን ቀረ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጆንያው ቀረ» አሉ አያ እንድሪስ ከኋላ ብድግ ብለው። «ጓድ፣ ጆንያው ይፈታልኝ።»

«ማስረጃ ነው፣ አይነካም!» አለ ሊቀመንበሩ።

«ካልታየ ምኑን ማስረጃ ሆነ? በጆንያ የተቋጠረማ ድመትም ሊሆን ይችላል።»

ሕዝቡ ሳቀ። ካድሬው ፍቱት አለ። ቋጠሮው ተፈታ። ወጣ። ጥቁር ነው፣ ቡናማ ነው፣ ዱቄት ተለጥፎበታል። በዕድሜዬ በቆሻሻ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አያ እንድሪስ መነጽራቸውን አደረጉ። ፊቱን ወደ ፀሐይ አዘንብለው አዩትና አፋቸው ተዘጋ። «ይህ ብረት ደክሞ ነው የሞተው።»

«ምን?» አለ ካድሬው።

«ደክሞት።»

«አባቴ፣ ብረት ይደክማል? በአብዮቱ ዘመን ደከመኝ የሚለውን ሰው እንኳ አንታገሥም፣ እርስዎ ጭራሽ ብረቱን ደከመው ይሉኛል?»

«ጓድ፣ ብረቱ ምን ያድርግ፣ ስብሰባ አልተጠራ፣ አልተነገረው።»

ማን ደፍሮ ይሳቅ? ዘሀራ ግን ነበረች። ዘሀራ አምስት ልጅ ያላት፣ ከሊቀመንበሩም ከባሏም የማትፈራ ሴት ናት። «ዘንጉ ከደከመው እኛስ?» አለች። «ከቅዳሜ ጀምሬ በእጄ እየፈጨሁ ወገቤ ተቆረጠ። እሱንም በጆንያ ቋጥራችሁ ቢሮ አስቀምጡልኝ!» ሳቁ ያን ጊዜ ፈነዳ።

«ነይ እስቲ አንቺ» አሏት አያ እንድሪስ። «ዓይንሽ ደህና ነው? ምን ታያለሽ?»

ጎንበስ ብላ አየች። «መስመር አለው። ኩሬ ሲደርቅ ጭቃው ዳር የሚቀረውን መስመር ይመስላል።»

«አበጀሽ! ኩሬው ቆም ባለ ቁጥር መስመር ይተዋል። ስንጥቅም እንደዚያው ነው። ወፍጮው ሲቆም ስንጥቁ ያርፋል፣ ያረፈበት ዳር ይጠቁራል። ወፍጮው ሲነሣ መንገዱን ይቀጥላል። ወፍጯችሁ ብዙ የሚቆመው መቼ ነው?»

«ክረምት ነዋ፣ እህል ሲያልቅ» አለ ሰው ሁሉ።

«እንግዲያው ትልልቆቹን መስመሮች ቁጠሪልኝ።»

ዘሀራ በጣቷ፣ ሳትነካ ቆጠረች። «አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት።»

«አራት ክረምት። ማኅበሩ ወፍጮውን ከያዘስ?»

ጸሐፊው ሊቀመንበሩን አየና «ሁለት» አለ።

ልቤ ወደ ቦታዋ ልትመለስ ስትል ሊቀመንበሩ ዘለለ። «ተገኘ! ነጋዴው ሰንጥቆት ነው የሄደው! ይህ ይመርም ያኔ የእሱ ሞተረኛ ነበር፣ ያውቃል!» ካድሬው ብዕሩን አነሣ። ሞቼ ነበር፣ ተነሣሁ፣ እንደገና ሞትሁ።

«ቆዩ» አሉ አያ እንድሪስ። «መስመሮቹ የተነሡባት አንዲት ነጥብ አለች።» ቁራጩን ቀስ ብለው አዞሩት። ፑሌጃው በባዶ እንዳይዞር ሽብልቅ የሚገባበት ቦይ ዘንጉ ላይ ተቆርጧል። የቦዩ ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አፋቸው ተከፈተ። ብዙ ጊዜ እንደተከፈተ ቆየ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከኮሮጆአቸው የብረት መሮ አወጡና ስለቱን ጥጉ ላይ አሳረፉት። የመሮው ስለት በአንድ ጫፉ ሽራፊ ነው፤ ጥጉ ላይ ያለችውም ጭረት እንደዚያው ሽራፊ ናት። ገጠመ።

«ነጋዴው አይደለም» አሉ። «ይመርም አይደለም። ከአራት ክረምት በፊት፣ በነጋዴው ጊዜ፣ ሽብልቁ ላልቶ ይህን ቦይ ያሰፋሁት እኔ ነኝ። መሮዬ አልፎ ጥጉን ወጋው። ማለስለስ ነበረብኝ፤ ቸኩዬ ተውሁት። ጓድ፣ ጻፍ። እኔ ሰበርሁት።»

እኔ የማየው አውራ ጣታቸውን ነበር። ያቺን ጭረት የሚያነብ ከደሴ እስከ ወልድያ ከእሳቸው ሌላ አልነበረም። ጣታቸውን ቢያሳርፉባት ትሸፈን ነበር። ነጋዴው እንደሆነ ደሴ ነው፣ ምን ይሰማል? እሳቸው ግን ጣታቸውን አንሥተው ያዙት፣ ካድሬው እንዲያይ።

ካድሬው ከወንበሩ ተነሥቶ አየ። «ሆን ብለው ነው?»

«ሆን ብዬ ቢሆን ኖሮ አሳምሬ እቆርጠው ነበር።»

«አሻጥረኛ ሰው ከመርሳ ድረስ መጥቶ ራሱን ያስይዛል እንዴ?» አለች ዘሀራ። «ይልቅስ መቼ እንደሚሠሩልን ጠይቋቸው!»

ካድሬው ጥርሱ ታየ። ፊቱን አዙሮ ደበቀው እንጂ ታየ። «ስንት ቀን ይበቃዎታል?»

«ሦስት። ያልደከመ ብረት አለኝ፤ ከራሴ ነው የማደርገው።»

ካድሬው ወረቀቴ ላይ «አሻጥር» የሚለውን ሰረዘ። ከዚያ ካድሬው ወደ እኔ ዞሮ «ቃልህን አስተካክል። ተሰበረብኝ በል» አለኝ።

«አልልም» አልሁ።

«ምን?»

«በእጄ ነበረ። ተሰበረ ማለት የሰነፍ ነገር ነው። እናቴ…»

አያ እንድሪስ ክንዴን ያዙኝ። «ይመር፣ እናትህ የነገረችህ ስለ እንስራ ነው። እንስራ አይደክምም።»

ይህን ሲሉኝ ዕንባዬ መጣ። ከቅዳሜ ጀምሮ፣ ወህኒውን ከመፍራቴ ሌላ፣ ምን አድርጌ ይሆን የሰበርሁት እያልሁ ራሴን ስበላ ነበር። ዘይት አጉድዬ ይሆን? ቺንጋውን አጥብቄ ይሆን? አንድም ነገር አላደረግሁም። «ተሰበረብኝ» አልሁ፤ ካድሬው ጻፈ። ኋላ መሠረተ ትምህርት ስገባ መምህሯን ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን እንድትጽፍልኝ ለመንኋት። ሰበርሁት አምስት ፊደል ናት፣ ተሰበረብኝ ስድስት። ከወልድያ ወህኒ ያስቀረችኝ አንዷ ፊደል ናት። ዛሬም ሌላው ጽሑፌ ጭራ ነው፣ እነዚህን ሁለቱን ግን አሳምሬ እጽፋቸዋለሁ።

እሁድ አዲሱን ዘንግ አመጡ። ከመግጠማቸው በፊት ዓይኔን አስጨፍነው በጣቴ አስዳሰሱኝ። «ጥግ ካገኘህ ንገረኝ። ሸይጧን ጥግ ይወዳል።» ዳሰስሁ፤ አላገኘሁም፤ ቦዩ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። ሞተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ያስፈጨችው ዘሀራ ናት። ድንጋዩ ጉርርር ሲል ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ቤቴ ሄጄ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፌን ለጠጥሁ።

ያ ዘንግ ወፍጮው እስኪፈርስ ድረስ አልተሰበረም። አሮጌውን ግማሽ፣ ያልታጠበውን፣ አያ እንድሪስ ከካድሬው ለምነው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ጋራዣቸው በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ። ከሙታኖቻቸው ሁሉ ፊት፣ በሩ አጠገብ ሰቅለውታል። ሰው «ይህ የማን ነው?» ሲላቸው «የእኔ» ይላሉ፤ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

እናም ያን ቀን፣ ከመርሳው መኪና ወርጄ ለቅሶ ስደርስ፣ ልጃቸው ሰይድ ተቀበለኝ። እሱም ሸምግሏል፤ ሥራውን የወረሰው እሱ ነው። ፋቲሓ ተቀርቶ አበቃ፤ እኔም በምችለው አሜን አልሁ። አጠገቡ ተቀምጬ ቀስ ብዬ ጠየቅሁት።

«ድካሙ የትኛው ነበር? የምልልሱ ነው የእሳቱ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣኝ ነበር። ሰይድ ፈገግ አለ። «የእሳቱ። ቀስ ብለው ቀጠኑ። አልጮኹም።»

«አልሐምዱሊላህ» አልሁ፣ ክርስቲያኑ ሰውዬ።

ልሄድ ስነሣ ወደ ጋራዡ ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ሳይፈታው በክብደቱ አወቅሁት።

«አባቴ ለይመር ስጡት ብለዋል። መልእክትም አለ።»

«ምን አሉ?»

«እንዳያጥበው ንገሩት ብለዋል።»

በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሳቅሁ፤ ሰይድም አብሮኝ ሳቀ። ዘንጉን በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ በትከሻዬ አድርጌ ወደ ግራና ተመለስሁ። ወንዙ ጋ ስደርስ፣ ያኔ ሌላውን ግማሽ ያጠብሁበት ቦታ፣ ውሃው እስከ ቅልጥሜ ነበር። በሁለት እጄ ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ያዝሁት፤ እንዳይረጨው።